ከባሕር ዳር የተገኘ ደም፦ የሰማያዊው ፕሮቲንና የትሉ ሄሞግሎቢን ታሪክ

አብዛኛው ሰው ይህን ታሪክ የሚያውቀው በቁርጥራጭ ነው። አንዱ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ተይዘው በመደዳ የተደረደሩ፣ ሰማያዊ ደማቸው ወደ ጠርሙስ የሚቀዳ የፈረስ ኮቴ ሸርጣኖችን ፎቶ አይቷል። ሌላው ኦክቶፐስ ሦስት ልብ እንዳለውና ደሙም ሰማያዊ እንደሆነ ሰምቷል። በክትባት ምርምር ላይ የሚሠራ ደግሞ «ኬ ኤል ኤች» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ብልቃጥ ሳያጋጥመው አይቀርም። ሦስቱም የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው። አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት ኦክስጅንን በደማቸው የሚሸከሙባቸው ፕሮቲኖች፣ ማንም ለመድኃኒትነት ሳያስባቸው ተገኝተው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ወደ ሆስፒታል የገቡበት ታሪክ ነው። በየምዕራፉ ነገሩን የወሰነው አንድ ባሕርያቸው ነው፤ ግዝፈታቸው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1833–1878፦ መዳብ ያለበት ደም

የቬኒሱ ኬሚስት ባርቶሎሜዮ ቢዚዮ በ1833 ሙሬክስ በተባለው የባሕር ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ መዳብ አገኘ። ሙሬክስ የጥንት ነገሥታት ሐምራዊ ልብስ ይቀለምበት የነበረው ፍጥረት ነው። በሰው ደም ውስጥ ብረት እንዳለ ከታወቀ ቆይቶ ነበር፤ መዳብ ግን ሲበዛ መርዝ መሆኑ የታወቀ ማዕድን ስለሆነ፣ በሕያው እንስሳ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማንም መናገር አልቻለም። በ1847 ጀርመናዊው ኤሚል ሃርለስ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። የኦክቶፐስ ወገን ከሆነ እንስሳና ከየብስ ቀንድ አውጣ ደም ቀድቶ መዳቡ ያለው እዚያው ደሙ ውስጥ መሆኑን፣ ደሙም ሰማያዊ የሚሆን መሆኑን ጻፈ። መዳቡና ቀለሙ ከመተንፈስ ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው ግን ገና አልታወቀም ነበር።

መልሱ የመጣው ከሰው ደም በተገኘ ትምህርት ነው። በ1864 ፌሊክስ ሆፐ ዛይለር የቀይ ደማችንን ፕሮቲን ሄሞግሎቢን ብሎ ሰየመው፤ በዚያው ዓመት አየርላንዳዊው ጆርጅ ስቶክስ ይህ ፕሮቲን ኦክስጅን ሲይዝና ሲለቅ የሚያሳልፈው ብርሃን እንደሚለዋወጥ አሳየ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀለም ያለው ደም ኦክስጅን ይሸከም እንደሆነ ለማወቅ የሚያስችል መንገድ ተገኘ። የእንስሳት ተመራማሪው ሬይ ላንከስተር የብርሃን መመርመሪያውን ይዞ ትሎችንና ቀንድ አውጣዎችን አንድ በአንድ ፈተሸ። በብዙ ትሎች፣ እንዲሁም ፕላኖርቢስ በተባለችው የኩሬ ቀንድ አውጣ ደም ውስጥ እንደኛው ያለ ቀይ ሄሞግሎቢን አገኘ። ይህችን ቀንድ አውጣ አንባቢ በልቡ ይያዛት፤ ዘመዷ ኢትዮጵያ ውስጥ ትኖራለች።

ወሳኙ ሥራ የተሠራው በ1878 በሮስኮፍ ነው። ሮስኮፍ በፈረንሳይ ብሪታኒ ዳርቻ ያለች ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ሄንሪ ደ ላካዝ ዱቲዬ በ1872 እዚያ የባሕር ጥናት ጣቢያ ከፍቶ ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ ሌዎን ፍሬዴሪክ የተባለ ቤልጂየማዊ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ወደ ጣቢያው መጥቶ ኦክቶፐስ ማጥናት ጀመረ። ከስንጥቡ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሰማያዊ ነው፤ አካልን አዳርሶ ወደ ስንጥቡ የሚሄደው ደግሞ ቀለሙ የነጣ ነው። ደሙን ወደ ብርጭቆ ቀድቶ ኦክስጅኑን ሲያወጣበት ቀለሙ ይጠፋል፤ አየር ሲመልስበት ሰማያዊነቱ ይመለሳል። ስለዚህ ሰማያዊው ነገር በኦክቶፐስ ውስጥ ሄሞግሎቢን በእኛ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ የሚሠራ፣ በብረት ፈንታ መዳብ የያዘ ፕሮቲን ነው። ፍሬዴሪክ ሄሞሳያኒን ብሎ ጠራው። ኦክስጅኑን የሚይዙት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የመዳብ አቶሞች መሆናቸው በኋላ ተረጋገጠ፤ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል በሁለቱ መካከል ይገባል።

1924–1972፦ ግዙፉ ሞለኪውል

ከፍሬዴሪክ በኋላ የነበሩት አሥርት ዓመታት በአብዛኛው የመመደብ ጊዜ ነበሩ። ሸርጣን፣ ጊንጥ፣ ብዙ ሸረሪቶች፣ አብዛኞቹ ቀንድ አውጣዎችና ኦክቶፐስ መዳብ ያለበትን ሰማያዊ ፕሮቲን ይጠቀማሉ። የምድር ትልና ብዙ የባሕር ትሎች ቀይ ሄሞግሎቢን አላቸው፤ ጥቂት የባሕር ትሎች አረንጓዴ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ወይን ጠጅ መሳይ ፕሮቲን ይዘዋል። አብዛኞቹ ነፍሳት አየሩን በቀጫጭን ቱቦዎች እስከ ሥጋቸው ድረስ ስለሚያደርሱት ደማቸው ይህን ሸክም አይሸከምም።

በዚያ ዘመን ፕሮቲን ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ራሱ አልተቋጨም ነበር። ብዙ ኬሚስቶች ፕሮቲንን ትናንሽ ሞለኪውሎች ተጠጋግተው የፈጠሩት፣ የተወሰነ መጠን የሌለው ክምችት አድርገው ያዩት ነበር። በስዊድን ኡፕሳላ የነበረው ቴዎዶር ስቬድበርግ በ1924 በታላቅ ፍጥነት የሚሽከረከርና ቅንጣቶችን በክብደታቸው መጠን ወደ ታች የሚያወርድ መሣሪያ ሠራ፤ አልትራሴንትሪፊውጅ ይባላል። ፕሮቲን ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ክምችቶች ድብልቅ ከሆነ፣ ሲሽከረከር ከባዱ ፈጥኖ ቀላሉ ዘግይቶ ስለሚወርድ የፈሳሹ ድንበር ይደበዝዛል። ስቬድበርግና ሩማኒያዊው ባልደረባው ኤውጄን ኪርኖዋጋ የየብስ ቀንድ አውጣ ሄሞሳያኒን መሣሪያው ውስጥ ሲከቱ ድንበሩ አልደበዘዘም። ጥርት ብሎ ወረደ። ሞለኪውሎቹ ሁሉ እኩል ነበሩ ማለት ነው።

በ1928 ያወጡት ክብደት ከሃይድሮጅን አቶም 5 ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሚበልጥ ነበር። ስቬድበርግ ጥቂት ቀደም ብሎ ለሄሞግሎቢን ያገኘው 67,000 ያህል ነው። ከአንድ ቀንድ አውጣ የተገኘ ፕሮቲን የተወሰነ መጠን፣ የተወሰነ ቅርጽ ያለው ግዙፍ ሞለኪውል መሆኑ ሲታይ የፕሮቲን ኬሚስትሪ መንገዱን ቀየረ። ዛሬ ስለ ፕሮቲን ቅርጽ የሚነገረው ሁሉ በከፊል በዚያ ሰማያዊ ፈሳሽ ላይ የቆመ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለኦክቶፐስና ለቀንድ አውጣ ደም የሚገባውን ያህል ምስጋና ግን አልተሰጠም።

ይህ ግዝፈት ምክንያት አለው። የእኛ ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ታሽጎ ይኖራል። የኦክቶፐስና የሸርጣን ፕሮቲን ግን ያለ ሕዋስ፣ በደሙ ውስጥ በቀጥታ ሟሙቶ ነው የሚጓዘው። ያን ያህል ኦክስጅን በትናንሽ ሞለኪውሎች ለመሸከም ቢሞከር ቁጥራቸው እጅግ ስለሚበዛ ውኃ ወደ ደሙ ይስቡ፣ በሥሮቹ ግድግዳም ሾልከው ይወጡ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ተጣምረው ጥቂት ግዙፎች ሆኑ። የፈረስ ኮቴ ሸርጣን ሄሞሳያኒን 48 ክፍሎች ያሉት ነው። የቀንድ አውጣዎቹ ደግሞ ውስጡ ክፍት የሆነ ሲሊንደር ይመስላል፤ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥራ ላይ ሲውል አንድ በአንድ ከታዩት የመጀመሪያ ፕሮቲኖች መካከል ነበር። በ1972 ያን ሲሊንደር በሦስት አቅጣጫ መልሶ የገነባው አሮን ክሉግ በኋላ ኖቤል ያገኘ ሰው ነው። የመዳብ አቶሞቹን አቀማመጥ በዝርዝር ለማየት ግን እስከ 1984 መጠበቅ ግድ ሆነ፤ ያን ጊዜ በሆላንድ የግሮኒንገን ተመራማሪዎች የአንድ የባሕር ሎብስተርን ሄሞሳያኒን በኤክስሬይ ፈቱት።

1956–1977፦ የሸርጣኑ ደም፣ ሌላ መንገድ

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያምታቱትን ነገር መለየት ያስፈልጋል። በ1956 ፍሬድሪክ ባንግ በማሳቹሴትስ ዉድስ ሆል የፈረስ ኮቴ ሸርጣን ባክቴሪያ ሲወጋ ደሙ እንደሚረጋ አየ። እሱና ጃክ ሌቪን በ1960ዎቹ ይህን መርጋት ወደ መመርመሪያ ቀየሩት፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ1977 ለአገልግሎት ፈቀደው። መርፌና ክትባት የባክቴሪያ መርዝ እንደሌለባቸው የሚረጋገጠው በዚህ ነው። ነገር ግን ሥራውን የሚሠሩት በደሙ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ናቸው እንጂ ሰማያዊው ፕሮቲን አይደለም። ሕዋሳቱ ከተለዩ በኋላ ሄሞሳያኒን የያዘው ፈሳሽ ለዚህ ምርመራ አያስፈልግም። ሰማያዊው ፕሮቲን ወደ ሕክምና የገባው በሌላ አገር ዳርቻ፣ በሌላ እንስሳ ነው።

1964–1988፦ ከካሊፎርኒያ የመጣው እንግዳ

በደቡብ ካሊፎርኒያና በሜክሲኮዋ ባሃ ካሊፎርኒያ አለቶች ላይ ሜጋቱራ ክሬኑላታ የምትባል ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ትኖራለች። ዛጎሏ አናቱ ላይ የተበሳ ነው። ከሷ የሚወጣው ሄሞሳያኒን በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኬ ኤል ኤች ይባላል። በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ የነበሩ የበሽታ መከላከል ተመራማሪዎች አንድ ነገር ይፈልጉ ነበር፦ ሰውም ሆነ አይጥ ከዚያ በፊት አጋጥሞት የማያውቅ፣ ነገር ግን ሲያጋጥመው ሰውነቱ በብርቱ የሚቆጣበት ፕሮቲን። በላ ሆያ ከተማ የነበረው ዊልያም ዊግል በ1964 ስለ ኬ ኤል ኤች ዝርዝር ጥናት አሳተመ። ፕሮቲኑ የተፈለገው ዓይነት ነበር። ግዝፈቱና በላዩ ያሉት እንግዳ ስኳሮች ተደምረው የበሽታ መከላከያ ሥርዓታችን ችላ ሊለው የማይችለው ነገር ያደርጉታል። ሆኖም በራሱ በሽታ አያመጣም። ሐኪሞች የታማሚን የመከላከል አቅም ለመለካት ይወጉት ጀመር፤ ሰውነቱ ለኬ ኤል ኤች መልስ ከሰጠ አቅሙ አለ ማለት ነው።

ያልታሰበው ነገር የመጣው ከዚህ ልኬት ነው። አሜሪካዊው የሽንት አካላት ሐኪም ካርል ኦልሰንና ባልደረቦቹ የፊኛ ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች አቅም ለመለካት ኬ ኤል ኤች ሰጡ። የላይኛው የፊኛ ካንሰር ተቆርጦ ቢወጣም ደጋግሞ የሚመለስ በሽታ ነው። በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ፕሮቲኑን ከወሰዱት 9 ሰዎች ካንሰሩ የተመለሰበት አንድ ብቻ ነበር፤ ካልወሰዱት 10 ሰዎች ግን በ7ቱ ተመልሷል። የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ያም ሆኖ ለመለኪያ የተሰጠ ነገር መድኃኒት ሆኖ መገኘቱ ብዙዎችን አነሣሣ። በ1988 የታተመ ሌላ ጥናትም ኬ ኤል ኤችን ማይቶማይሲን ከተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ጋር አነጻጽሮ፣ ኬ ኤል ኤች በወሰዱት ዘንድ ካንሰሩ የተመለሰው ባነሰ ቁጥር መሆኑን አገኘ።

ታዲያ ለምን ዛሬ በየሆስፒታሉ አናገኘውም? ምክንያቱ ተቀናቃኙ ነው። ካናዳዊው አልቫሮ ሞራሌስ በ1976 ለዚሁ በሽታ ቢሲጂን እንደሞከረ አሳተመ፤ አገራችን ውስጥ ለሕፃናት ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ያው ክትባት ማለት ነው። ቢሲጂ ርካሽ ነው፣ በየአገሩ ይመረታል፣ ውጤቱም ጠንካራ ሆነ። በ1990 አሜሪካ ፈቀደችው፤ ኬ ኤል ኤችም በፊኛ ካንሰር ሕክምና ሁለተኛ ረድፍ ላይ ቀረ። ቢሲጂ ብዙ ሰው እንደረዳ አልክድም። ነገር ግን ሕያው ባክቴሪያ ስለሆነ ራሱን የቻለ ሕመም የሚያስከትልባቸው ሰዎች አሉ፤ ሕይወት የሌለው ፕሮቲን በሰፊው ሳይፈተን መቅረቱ ዛሬም ያሳዝነኛል።

1964–1987፦ እንዶድ፣ ቢልሃርዚያና ቀንድ አውጣ

ዊግል በካሊፎርኒያ ጽሑፉን ባሳተመበት በዚያው በ1964፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ በወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አዩ። ከዚህ የተነሣው፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን በእንዶድ የማጥፋት ምርምር በዓለም ይታወቃል። ያን ጊዜ ሁለቱን ሥራዎች የሚያገናኛቸው ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

ግንኙነቱ በ1987 ታየ። በፈረንሳይ ሊል ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ሺስቶሶማ ማንሶኒ በገላው ላይ የያዘው አንድ የስኳር ምልክት በኬ ኤል ኤችም ላይ እንዳለ ደረሱበት። በቢልሃርዚያ የተያዘ ሰው ካሊፎርኒያን ረግጦ ባያውቅም፣ በደሙ ውስጥ የካሊፎርኒያን ቀንድ አውጣ ፕሮቲን የሚያውቁ ፀረ እንግዳ አካላት ይኖሩታል። ይህ በሽታውን በደም ምርመራ ለመለየት የሚረዳ መንገድ ከፈተ። በሌላ በኩል ጥንቃቄም ይጠይቃል፤ ቢልሃርዚያ በተስፋፋባቸው እንደ ጣና ዳርቻ ባሉ አካባቢዎች ኬ ኤል ኤች ለሰውነት ፍጹም እንግዳ ነው ማለት አይቻልም። እዚያ አቅም ለመለካት ቢሰጥ ውጤቱ በሌላ መንገድ መነበብ ይኖርበታል።

ላንከስተር ቀይ ደም ያገኘባት የፕላኖርቢስ ቤተሰብም እዚህ ትመለሳለች። በኢትዮጵያ የአንጀት ቢልሃርዚያን በዋናነት የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ ባዮምፋላሪያ የዚህ ቤተሰብ ናት። የቀንድ አውጣ ወገን በአብዛኛው ሰማያዊ ደም ሲኖረው የእሷ ግን ቀይ ነው። ቤተሰቡ የጥንቱን ሄሞሳያኒን ሥራ ለግዙፍ ሄሞግሎቢን አስረክቧል። አየር ባነሰበት የቆመ ውኃ ለመኖር የሚያግዛት ይህ ፕሮቲን ነው።

1990ዎቹ–2016፦ የክትባቱ ተስፋ

ኬ ኤል ኤች ሌላ ሥራ አገኘ፤ ተሸካሚነት። በካንሰር ሕዋስ ላይ ያለ ትንሽ ስኳር ወይም አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ብቻውን ቢወጋ የመከላከያ ሥርዓቱ ልብ አይለውም። ከግዙፉ እንግዳ ጋር ሲያያዝ ግን እንግዳውን ሲያጠና አብሮ የተጣበቀውንም ያውቀዋል። በላቦራቶሪ ፀረ እንግዳ አካላት የሚያመርቱ ሰዎች ይህን መንገድ ዛሬም በየዕለቱ ይጠቀሙበታል። በሰው ላይ ግን የተጠበቀው አልሆነም። ለቆዳ ካንሰር ሜላኖማ የተሠራው ክትባት 880 ሕሙማን በተሳተፉበት ሙከራ ኢንተርፌሮን ከተባለው መድኃኒት ያነሰ ሆነ። ለተሠራጨ የጡት ካንሰር የተሠራው ቴራቶፕ ከ1,000 በላይ ሴቶች ላይ ተሞክሮ በ2003 ወደቀ። ሪንዶፔፒሙት የተባለው የአንጎል ካንሰር ክትባት 745 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2016 ቆመ፤ ክትባቱን የወሰዱትም፣ ኬ ኤል ኤች ብቻ የተሰጣቸውም፣ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 20 ወር ገደማ ሆነ።

ጥፋቱ ግን የተሸካሚው አልነበረም። በነዚህ ሙከራዎች የሕሙማኑ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካላትን አምርቷል፤ ካንሰሩ የተነጣጠረበትን ምልክት ጥሎ ማምለጥ መቻሉ አንዱ የውድቀቱ ምክንያት ነው። የሰማያዊው ፕሮቲን ጠንካራ ጎን በዚህ ምክንያት አልተሻረም። በመከላከያ ሥርዓቱ ላይ የሚሠሩ አዳዲስ መድኃኒቶች በጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ላይ ሲፈተኑ ኬ ኤል ኤች ይወጋል፤ የመድኃኒቱ ጉልበት የሚለካው ሰውነት ለዚህ እንግዳ በሚሰጠው መልስ ነው።

1998–2022፦ ወደ ሮስኮፍ መመለስ

በዚያው ጊዜ ሌላ ጥያቄ እየበሰለ ነበር፤ ደም ሳይለግሱ ኦክስጅን የሚሸከም ፈሳሽ መሥራት ይቻላል? ኩባንያዎች ከሰውና ከከብት ደም ሄሞግሎቢኑን አውጥተው ሞከሩ። ከሕዋሱ የወጣ የሰው ሄሞግሎቢን ግን ጆንያው እንደተቀደደ እህል ይበተናል፤ ለሁለት ተከፍሎ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ናይትሪክ ኦክሳይድን እየጠጣም የደም ሥር ያጠብባል። ሞለኪውሎቹን በኬሚካል አጣብቆ ማቆየት ቢሞከርም አልበቃም። አንድ ትልቅ ሙከራ በ1998 የተቋረጠው ምርቱን በወሰዱ ቁስለኞች መካከል ሞት በመብዛቱ ነው። በ2008 ቻርልስ ናታንሰንና ባልደረቦቹ 16 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምረው፣ የሞት አደጋ በ30 በመቶ ከፍ ማለቱንና የድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) አደጋ ወደ ሦስት እጥፍ መጠጋቱን አሳዩ።

ፍሬዴሪክ በሠራበት በሮስኮፍ ጣቢያ የባሕር ሥነ ሕይወት ተመራማሪው ፍራንክ ዛል የሚያጠናው አሬኒኮላ ማሪና የተባለውን የአሸዋ ትል ነበር። ትሉ የሚኖረው ማዕበሉ ወጥቶ በሚመለስበት አሸዋ ውስጥ ነው። ውኃው ሲሸሽ ለሰዓታት መተንፈስ ያቆማል፤ በደሙ ያከማቸው ኦክስጅን እስኪመለስ ያቆየዋል። ሄሞግሎቢኑ እንደ ሄሞሳያኒን በሕዋስ ውስጥ ያልታሸገ ነው፤ ክብደቱ ከሃይድሮጅን አቶም 3.6 ሚሊዮን ጊዜ ይበልጣል። የእኛው 4 የኦክስጅን ሞለኪውል ሲይዝ የትሉ 156 ይይዛል። ያለ ሕዋስ ሳይፈርስ መኖር የፋብሪካው ሄሞግሎቢን ያጣው ችሎታ ነው፤ ትሉ ግን በተፈጥሮው አለው።

ዛል በ2007 በአቅራቢያዋ ሞርሌ ከተማ ሄማሪና የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። በደም ፈንታ ወደ ሰው ሥር ለመስጠት አልቸኮለም፤ ይህ ምርጫ ትክክል ነበር ብዬ አስባለሁ። የመጀመሪያው ዓላማ ከለጋሽ ወጥቶ በበረዶ ውስጥ ተቀባዩን የሚጠብቅ ኩላሊት ነበር። ይህ ኩላሊት በሚጠብቅበት ሰዓት ኦክስጅን ያጣል፤ ከተተከለ በኋላም ሥራ ለመጀመር የሚዘገይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የትሉ ሄሞግሎቢን በማቆያው ፈሳሽ ውስጥ ተጨምሮ፣ በ4 ዲግሪ ቅዝቃዜም ኦክስጅን ቀስ እያለ ይለቃል። በብሬስት ሆስፒታል መሪነት 60 ገደማ ተቀባዮች በተሳተፉበት ጥናት ከአንድ ለጋሽ ከተወሰዱት ሁለት ኩላሊቶች አንዱ በዚህ ፈሳሽ፣ ሌላው በተለመደው ተቀመጠ። በ2020 የታተመው ውጤት የትሉን ሄሞግሎቢን ያገኙት ኩላሊቶች ሥራ በመጀመር የሚዘገዩት ባነሰ ቁጥር መሆኑን አሳየ። ከዚያም በፊት፣ በ2018 መጀመሪያ፣ የፓሪሱ ጆርጅ ፖምፒዱ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ሎራን ላንቲዬሪ ለአንድ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ፊት ሲተክል የለጋሹ ፊት በዚሁ ፈሳሽ ተጠብቆ ነበር። በ2022 ምርቱ በአውሮፓ ለአካል ማቆያነት ፈቃድ አገኘ።

ዛሬ ሁለቱም ፕሮቲኖች በአንድ ችግር ላይ ናቸው። ግዙፍና ውስብስብ ስለሆኑ እንደ ኢንሱሊን በባክቴሪያ ማሠራት አልተቻለም፤ ለሕክምና የሚውለው ሁሉ ከሕያው እንስሳ ይቀዳል። የካሊፎርኒያዋ ቀንድ አውጣ ከአለት ብቻ እየተሰበሰበች እንዳታልቅ በፖርት ዌኒሚ በባሕር ውኃ ገንዳ ተረብታ፣ ሳትሞት ደሟ ይወሰዳል። ቺሊያውያን ተመራማሪዎች ደግሞ ከአገራቸው የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ከሎኮ፣ አማራጭ ሄሞሳያኒን አዘጋጅተዋል። የአሸዋ ትሉም በፈረንሳይ ምዕራባዊ ዳርቻ በኗርሙቲዬ ደሴት ይረባል፤ ለአንድ ኩላሊት ማቆያ የሚበቃው ሄሞግሎቢን የሚመጣው እዚያ ካለው አሸዋ ነው።